ሣጥን ውስጥ የተገኘ ማርትሬዛ ስንት ያወጣል? የድሮ ሳንቲም ለማወቅ፣ ለመመዘንና ለመተመን

ወሎ ውስጥ የአያት ሣጥን ሲከፈት አንድ ሁለት ማርትሬዛ (ጠገራ ብር) ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው። እሱ ከሌለ የምኒልክ ተሙን (የብር ስምንተኛ)፣ ተሙንም ከሌለ የጃንሆይ መዳብ ሳንቲም አይጠፋም። ከዚያ ወሬው ሰፈር ይገባል፣ ደላላ ይመጣል፣ አንዱ «ይሄማ ሚሊዮን ያወጣል» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «ኧረ እትዬ፣ ይሄ እኮ ቆርቆሮ ነው» ብሎ በሻይ ዋጋ ሊወስደው ይሞክራል። ሁለቱንም አትስሟቸው። መጀመሪያ ራሳችሁ እዩት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ እውነተኛ መሆኑን ታረጋግጣላችሁ። ቀጥሎ ይዞታውን፣ ማለትም ምን ያህል እንደተፋቀና እንደተጎዳ ታያላችሁ። ዋጋ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሰው የሚሸወደው ከዋጋ ስለሚጀምር ነው።

ከሁሉም በፊት ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የብረት ስፖንጅ እንዳታስጠጉት። ብሩ ላይ ያለው ጠቆር ያለ መልክ ቆሻሻ አይደለም፣ ዕድሜው ነው፤ ሰብሳቢ የሚከፍለው ለሱም ጭምር ነው። ተፈትጎ ያበራ ብር በማጉያ መነጽር ሲታይ ወደ አንድ አቅጣጫ የሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች ሞልተውበት ይገኛሉ፣ የሚያውቅ ገዢ ያንን ካየ ወዲያው ዋጋውን ይሰብራል። ጭቃ ከያዘ ንጹህ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፣ ከዚያ ሳትፈትጉ በለስላሳ ጨርቅ እየነካካችሁ አድርቁት። በቃ። ስትይዙትም ጠርዙን ይዛችሁ እንጂ ፊቱን በአውራ ጣት አትጫኑት።

የያዛችሁት ምንድን ነው?

በእኛ አካባቢ በብዛት የሚገኘው ማርትሬዛ ነው፣ ጠገራ ብር የምንለው። በአንዱ ፊቱ ሻሽ የጣለች ሞላ ያለች ሴት፣ በሌላው ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ። ሴትዮዋ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት። የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲታተም ኖሯል። ቪየና ብቻ አይደለም። ሚላኖ፣ ቬኒስ፣ ፕራግ፣ ሎንዶን፣ በርሚንግሃም፣ ቦምቤይ፣ ፓሪስና ብራስልስ ሁሉ አትመውታል። ሞሶሎኒም በ1935 እ.ኤ.አ. አገራችንን ለመውረር ሲሰናዳ የማተሙን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አሳትሟል። ስለዚህ «1780 ይላል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው» የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ በደንብ ያውቃል።

ይሄ ማለት ግን ኋላ የታተመው ሁሉ ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም። ማተሚያ ቤቶቹ ያወጡት ትክክለኛ ብር ነው፤ ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ፣ ጥራቱ ከሺህ 833፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ልዩነቱ የሚመጣው ለሰብሳቢ ነው። በየማተሚያ ቤቱ የንስሩ ላባ፣ የፊደሉ አጣጣል፣ የዕንቁው ቅርጽ ትንሽ ትንሽ ይለያያል፣ አንዳንዱ ብርቅ ነው፣ የዛሬው የቪየና ህትመት ግን ከማዕድኑ ዋጋ ብዙም አይርቅም።

ልታዩዋቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ። ትከሻዋ ላይ ካባዋን የያዘው ጌጥ ዙሪያውን ዘጠኝ ዕንቁ አለው። የድሮ ነጋዴ እነዚህን ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው፤ ተፍቀው ከጠፉ ብሩን መልሶ ይሰጥ ነበር። ከደረቷ በታች ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። በንስሩ በኩል ከ1780 ቀጥሎ ኤክስ የሚመስል ዘንበል ያለ መስቀል አለ። ጠርዙን ዞር ዞር አድርጋችሁ እዩት፤ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌመንቲያ» የሚል ጽሑፍ ከፍ ብሎ ወጥቶ መታየት አለበት፣ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው። የፎርጅድ ሠሪ ብዙ ጊዜ የሚሰንፈው እዚህ ጠርዝ ላይ ነው።

የምኒልክ ብር ሌላ ነው። ፓሪስ የታተመ፣ በአንዱ ፊት ንጉሡ ዘውድ ደፍተው፣ በሌላው ዘውድ የደፋው አንበሳ። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ነው፤ ፲፰፻፹፯ ካያችሁ 1887 ዓ.ም. ነው፣ በእኛው አቆጣጠር። የውጭ ገዢ ጋር ስታወሩ ይህን አስረዱ፣ አለበለዚያ ሰውየው በሱ አቆጣጠር ያነበዋል። ከሙሉ ብሮቹ የ1887ቱ ከ1889ኙና ከ1895ቱ በቁጥር ያንሳል፣ ስለዚህ የዓመቱን ቁጥር በማጉያ ሁለት ጊዜ አንብቡ። አንበሳውም በአንዱ ዓይነት የግራ፣ በሌላው የቀኝ የፊት እግሩን ነው ያነሳው፤ ፎቶ ስትልኩ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህን ነው። ከሙሉው ሌላ አላድ (ግማሽ)፣ ሩብ፣ ተሙንና ግርሽ አሉ። በመስከረም 1888 ክተት ታውጆ ሠራዊቱ በጥቅምት ወረኢሉ ሲከማች የምኒልክ ብር ገና አዲስ ነበር፤ ገበያው ግን ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን ከማርትሬዛ አልላቀቅም ብሏል። የወሎ ሣጥን ውስጥ ከንጉሡ ይልቅ ሴትዮዋ የምትበዛው ለዚህ ነው።

የጃንሆይ 1936 ሳንቲሞች ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከ1 እስከ 25 ሳንቲም ያሉት መዳብ ናቸው፣ ባለ 50ው ብር ነው፣ 7.03 ግራም የሚመዝን። በላያቸው 1936 ይበል እንጂ በዚያው ዓመተ ምሕረት ለብዙ ዓመታት ታትመዋል፤ ስለዚህ አብዛኞቹ ብርቅ አይደሉም። የባለ 25ቷ ታሪክ ግን ደስ ይላል። መጀመሪያ ክብ ሆና ነው የወጣችው፣ መጠኗም ከባለ 50ው ጋር ይቀራረብ ነበርና ብልጦች ብር እየቀቡ በ50 ያሻግሯት ጀመር። ያቺ ተሰብስባ በ1952 እ.ኤ.አ. ጠርዟ እንደ አበባ የተሸረፈችው ወጣች። ዛሬ ክብ የሆነች ነጣ ያለች 25 ሳንቲም ካገኛችሁ «ልዩ ህትመት ናት» እያለ የሚያስወድድ አይጠፋም። ልዩ ህትመት አይደለችም፣ የዚያን ዘመን ሸወዳ ናት። ለነገሩ እኔ እሷንም አልጥላትም፣ ክቧ ራሷ ከአበባዋ ይልቅ ጥቂት ናት።

የ1969ኞቹ የአንበሳ ራስ ያለባቸው ሳንቲሞች? ኪሳችሁ ውስጥ የምትንጫጫው ናት። ቪዲዮ ላይ በመቶ ሺዎች የሚጠሯትን ሰዎች «እሺ፣ አንተ ግዛኝ» በሏቸውና ስልኩ ሲዘጋ ስሙ።

እውነተኛ ነው ወይ?

መቶኛ ግራም የምታነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋችኋል፣ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙባት ዓይነት። እሷ ካለች ግማሹ ሥራ አለቀ።

ማርትሬዛም የምኒልክ ሙሉ ብርም 28.07 ግራም ናቸው። አላዱ 14.04፣ ሩቡ 7.02፣ ተሙኑ 3.51፣ ግርሹ 1.40 ነው። አርጅቶ የተፋቀ ትልቅ ብር ግማሽ ግራም ቢጎድለው አያስደነግጥም። ሦስት አራት ግራም ከጎደለ ወይም ከተረፈ ግን ጥያቄ አለ። ክብደቱ ልክ ሆኖ ስፋቱ ወይም ውፍረቱ ከበዛ፣ ያው ቀለል ያለ ብረት አወፍረው ሠርተውታል ማለት ነው፤ ስለዚህ ሚዛንና ካሊፐር (የስፋትና የውፍረት መለኪያ) አብረው ይሂዱ።

ማግኔት አስጠጉ። ከያዘው አለቀ፣ ብረት ነው። ካልያዘው ግን ገና ምንም አላረጋገጣችሁም፣ ነሐስም እርሳስም በማግኔት አይያዙምና።

ከሁሉም የምወደው የውሃው ሙከራ ነው፣ ምክንያቱም ሳይጎዳ ማዕድኑን ይነግራችኋል። ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ውሃ አድርጋችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ብሩን በቀጭን ክር እሰሩና ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት፣ ነገር ግን ታችም ጎንም እንዳይነካ፣ በክሩ ተንጠልጥሎ ይቆይ። ላዩ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ካለ ነቅነቅ አድርጋችሁ አስለቅቁት። ሚዛኑ የሆነ ቁጥር ያነባል። አሁን የብሩን ክብደት በዚያ ቁጥር አካፍሉት። ለምሳሌ 28.07 የሚመዝነው ማርትሬዛ ውሃ ውስጥ 2.75 ቢያነብ መልሱ 10.2 ይመጣል፤ ትክክለኛው የዚህ ዓይነት ብር እዚያው አካባቢ ነው። 3.15 ካነበበ ወደ 8.9 ይወርዳል፣ መዳብና ኒኬል ነው። 3.30 ካነበበ ነሐስን ጠርጥሩ። እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ክሩን ከላይ ከሆነ ነገር ጋር ማሰር ይሻላል። ግርሽ ላይ ይህን አትሞክሩ፤ በጣም ትንሽ ስለሆነች የሚዛኑ ስህተት ራሱ መልሱን ያበላሻል። የማንጠልጠያ ጆሮ የተበየደበትም ላይ አይሠራም፣ ብየዳው ሌላ ማዕድን ነው።

አንድ ቀዳዳ አለችው ይህ ሙከራ። እርሳስ ከብር ይከብዳል፣ ቆርቆሮ ደግሞ ይቀላል፤ ሁለቱን በልክ የቀላቀለ ሰው 10.2 ሊያመጣ ይችላል። እዚህ ላይ ነው ድምፅ የሚመጣው። የደሴ አንጥረኛ ማርትሬዛውን ጣቱ ጫፍ ላይ ሚዛን አስጠብቆ ያስቀምጥና በሌላ ብር ጠርዙን ጠቅ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወደ ጆሮው አያስጠጋም፣ እንደውም ራቅ ያደርገዋል። ደኅናው ብር ጭልል ብሎ ቆይቶ ነው የሚሞተው። እርሳስ ያለበት «ዱብ» ብሎ ይቀራል። ነገር ግን ስንጥቅ ያለበት እውነተኛ ብርም ላይጮህ ይችላል፣ በድምፅ ብቻ አትፍረዱ።

ቀጥሎ ማጉያ መነጽር። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል። ትክክለኛ ሳንቲም በማተሚያ መኪና ኃይል ተመትቶ የተቀረጸ ነው፣ ፊደሎቹ ጥርት ያሉ ናቸው፣ ሜዳው (ምስልም ፊደልም የሌለበት ቦታ) ለስላሳ ነው። በቅርጽ ቀልጦ የፈሰሰ ኮፒ ግን የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጉድጓዶች ይታዩበታል፣ ፊደሎቹ ያበጡ ይመስላሉ፣ ጠርዙ ላይ ሁለቱ ቅርጾች የተገናኙበት መስመር ይኖራል ወይም መስመሩ በሞረድ ተፍቆ ታገኙታላችሁ። ሁለት ሳንቲም ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ጭረታቸው እንኳ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ሁለቱም ከአንድ ቅርጽ ነው የወጡት።

አንጥረኛ ጋ ስትወስዱት አንድ ነገር ቀድማችሁ ተናገሩ፤ «በሞረድ እንዳትነካው፣ አሲድም እንዳታደርግበት።» ለሱ ብር የሚቀልጥ ዕቃ ነው፣ ለድሪና ለአምባር። በክፋት አይደለም፣ ሥራው ነው። ያቺ የሞረድ ጭረት ግን ከዚያ በኋላ አትጠፋም።

ይዞታው

ዓለም አቀፍ ሰብሳቢዎች ከ1 እስከ 70 በሚደርስ መለኪያ ነው ደረጃ የሚሰጡት፤ ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ በ1949 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ለእናንተ ያን ያህል መራቀቅ አያስፈልግም። መስኮት ዳር ተቀመጡ፣ ብሩን በትንሹ እያዘነበላችሁ ብርሃኑን አንሸራትቱበት፣ ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች እዩ፣ መፋቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ማርትሬዛ ላይ ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉርና የንስሩ ደረት፣ ምኒልክ ላይ ዘውዱና ጉንጫቸው፣ በጀርባው የአንበሳው ጎንና ጋማ።

ፀጉሩ ክር ክር ሆኖ ከታየ፣ ላባውም ከተቆጠረ፣ «ኤክስትራ ፋይን» ወደሚሉት ይጠጋል። ዋና ዋናው መስመር ኖሮ ዝርዝሩ ከሟሸሸ «ቬሪ ፋይን» ወይም «ፋይን» ነው። ቅርጹ ጥላ ብቻ ከሆነ ከዚያ በታች። ምንም ያልተፋቀና የመጀመሪያ ወዙ ያለበት ደግሞ «አንሰርኩሌትድ» ይባላል፣ እሱን ከሣጥን ውስጥ አገኘሁ የሚላችሁ ካለ ደጋግማችሁ እዩት። ስትፈርዱ ለራሳችሁ አታድሉ። ሻጭ የራሱን ሁሌም አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ ነው የሚያየው፣ ገዢውም አንድ ዝቅ ያደርጋል።

የወሎ ማርትሬዛ ትልቁ ችግር መፋቁ አይደለም። ጌጥ ሆኖ መኖሩ ነው። ባቲ ገበያ የሄደ ያውቀዋል፤ ብሩ ጆሮ ተበይዶለት ወይም ተበስቶ አንገት ላይ ይውላል። የተበሳ ወይም ብየዳ የነካው ብር ለሳንቲም ሰብሳቢ «ጉዳተኛ» ነው፣ ዋጋውም ወደ ማዕድኑ ይወርዳል። ብየዳውን ነቅላችሁ ለመሸፈን አትሞክሩ፣ ጠባሳው ይብሳል። እንደውም ብሮቹ ከነዶቃቸውና ከነሰንሰለታቸው አንድ ላይ ካሉ ጌጡን እንዳትበትኑት፤ ሙሉ ጌጡን የሚፈልግ ገዢ ሌላ ነው፣ የሚከፍለውም ለሥራው ነው።

የማይሸጠው

ማሳ ሲታረስ ወይም መሠረት ሲቆፈር የጥፍር ያህል ስስ ሳንቲም ከወጣና የንጉሥ ምስል፣ መስቀል ወይም ጨረቃ ካለበት፣ የአክሱም ዘመን ሊሆን ይችላል። አክሱም በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲም አሳትማለች፤ ከኢዛና ክርስትና መቀበል በፊት ጨረቃ፣ ከዚያ በኋላ መስቀል ነው ምልክቱ፣ አንዳንዱ ላይ መስቀሉ አካባቢ ወርቅ ተለብጦበታል። ይሄ ጉዳይ ዋጋ የሚባል ነገር የለውም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከመሬት የወጣ ቅርስ የመንግሥት ነው፣ ያገኘው ሰው ማሳወቅ አለበት፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትም ክልክል ነው። ከነአፈሩ በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ የተገኘበትን ቦታ ጽፋችሁ፣ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ውሰዱት። የተገኘበት ቦታ ለታሪክ አጥኚ ከሳንቲሙ እኩል ይጠቅማል። «የአክሱም ነው» ብሎ እናንተን ሊያስገዛ የመጣ ሰው ካለ ደግሞ ወይ ኮፒ ነው ወይ ወንጀል ነው፣ በሁለቱም በኩል አያዋጣም።

ዋጋ

የዋጋው መነሻ ማዕድኑ ነው፣ ከሱ በታች አትሽጡ። ማርትሬዛ ውስጥ ያለው ንጹህ ብር 23.4 ግራም ገደማ ነው፣ የምኒልክ ሙሉ ብርም እንደዚያው። የመጀመሪያው ባለ 50 ሳንቲም 5.6 ግራም አለው፤ ኋላ ጥራቱ ስለቀነሰ የኋለኛው ከዚያ ያንሳል። የዕለቱን የዓለም ገበያ ኢንተርኔት ላይ እዩ፣ የሚጻፈው በአውንስ ነው፤ በ31.1 አካፍሉት፣ የአንድ ግራም ዋጋ ይመጣል፣ በ23.4 አባዙት። ለስሌት ያህል ግራሙ 100 ብር ቢሆን ማርትሬዛው 2,340 ብር ነው፤ የዕለቱን ቁጥር እናንተ ተኩ። አውንስና የአንጥረኛው ወቄት ግን አንድ አይደሉም። ወቄት የአንድ ማርትሬዛ ክብደት፣ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ሁለቱን እያቀላቀለ የሚያሰላላችሁ ካለ ካልኩሌተሩን ራሳችሁ ያዙት።

ከማዕድኑ ዋጋ በላይ የሚከፈለው ለይዞታና ለብርቅነት ነው። እዚህ ላይ የተጠየቀ ዋጋን ሳይሆን የተሸጠ ዋጋን ተከተሉ። ኢንተርኔት ላይ ማንም የፈለገውን ቁጥር መጻፍ ይችላል፤ ኢቤይ ላይ «የተሸጡ» የሚለውን ብቻ ለይታችሁ ፈልጉ፣ የዓይነቱን መግለጫና ፎቶ ደግሞ ኑሚስታ የሚባለው ገጽ ላይ ታገኛላችሁ። ከናንተው ጋር ተመሳሳይ ዓመት፣ ተመሳሳይ ይዞታ ያለውን አወዳድሩ። የውጭውን ዋጋ እንዳለ አትጠብቁ፣ የዕድሜ ጠገብ ዕቃ መላክ ራሱ ፈቃድ ይጠይቃል፣ የአገር ውስጥ ገዢም ትርፉን አስልቶ ነው የሚመጣው።

ለመሸጥ ስትወስኑ ፊቱን፣ ጀርባውንና ጠርዙን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሱት፣ ክብደቱን ጻፉት፣ እያንዳንዱን በየራሱ የወረቀት ፖስታ አድርጉት፣ ለስላሳ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝቃጭ ያወጣበታል። ሰኞ ባቲ ከወረዳችሁም ሆነ ደሴ ፒያሳ ከጠየቃችሁ፣ ቢያንስ ሦስት ሰው ዋጋ ይጥራ እንጂ ለመጀመሪያው አትስጡ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ከኪስ አታውጡ፣ ደህናውን መጨረሻ ላይ አሳዩ። ገዢው በራሱ ሚዛን ሲመዝን የናንተ 28.07 እሱ ጋ 26 ከሆነ አትጨቃጨቁ፣ አብሽሩ፣ ብሩን ተቀብላችሁ ወደ ቀጣዩ ሱቅ እለፉ።